ረጅሙን የበዓል ዕረፍት ገጠር ባሉ ወዳጆች ቤት ማሳለፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዓሉ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ተያይዞ ሦስት ወይም አራት ቀን ሲሆን፣ ከከተማ ወጥተው ወዳጅ ቤት ለመሰንበት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

«አንድ ቀን ብቅ በሉ» መባል እንደ ግብዣ ይቆጠራል?

ቀን ያልተቆረጠለት ግብዣ የመልካም ፈቃድ መግለጫ እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ይህ ማለት ግን ጋባዡ ለይስሙላ ተናግሯል ማለት አይደለም፤ ሰዎች በስልክ ሲሰነባበቱ «መጥታችሁ ጠይቁን» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከልባቸው ነው። ይሁን እንጂ ይህን በተናገሩበት ቅጽበት የትኛው ሳምንት እንደሚሆን፣ ስንት ሰው እንደሚመጣና ስንት ሌሊት እንደሚታደር አላሰቡበትም። ስለዚህ መልካሙን ፈቃድ ወደ ቀጠሮ የመለወጡ ሥራ የእንግዳው ነው።

የሚሻለው መንገድ ቀኑን፣ የሰዎቹን ብዛትና የሚታደሩትን ሌሊቶች ለይቶ መጠየቅና፣ ጋባዡ ሳያፍር «አይመችም» ሊል የሚችልበትን ቀዳዳ አብሮ መተው ነው። «በበዓሉ ዋዜማ ማታ ደርሰን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብንመለስ ይመቻችኋል? ዘመድ የሚመጣባችሁ ከሆነ ግን ሌላ ጊዜ እንመጣለን» የሚል አጭር መልእክት ሁሉንም ያሟላል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢላክ ይመረጣል፤ በስልክ ድንገት የተጠየቀ ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር ሳይመክር እሺ ብሎ፣ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ይጨነቃልና። ሦስት ወይም አራት ሳምንት አስቀድሞ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ የበዓሉ ዕረፍት ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለእነርሱም ዕረፍት ነው።

ስንት ቀን መቆየት ተገቢ ነው?

ሁለት ሌሊት ለአብዛኛው ጉብኝት ይበቃል፤ ሦስተኛው ሌሊት ጋባዡ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ የሚጨመር ነው። እንግዳው የሚያየው ከደረሰበት ሰዓት እስከ ወጣበት ሰዓት ያለውን ብቻ ነው። ለባለቤቶቹ ግን ጉብኝቱ የሚጀምረው ክፍሉን ሲያጸዱና ከሩቅ ገበያ ሲሸምቱ ሲሆን፣ የሚያበቃውም አንሶላው ታጥቦ ሲደርቅ ነው። የእርስዎ ሁለት ሌሊት ለእነርሱ የአራት ቀን ሥራ መሆኑን ማሰብ መጠኑን በራሱ ይወስነዋል።

የሚሄዱበትን ሰዓት ገና ሲደርሱ ይንገሩ። ስለ መሄጃው ያልተናገረ እንግዳ ባለቤቶቹን ምሳ እናዘጋጅ ወይስ አናዘጋጅ በሚል ሐሳብ ውስጥ ይከታቸዋል፤ እነርሱም ይህን መጠየቅ እንደማባረር ስለሚቆጥሩት አይጠይቁም። የዕረፍቱን የመጨረሻ ከሰዓት ደግሞ ለእነርሱ ቢተዉላቸው መልካም ነው፤ በማግስቱ የሥራ ቀን ነው።

መቼ ልነሳ? መንገዱንስ እንዴት ልዘጋጅበት?

በረጅም የበዓል ዕረፍት መንገድ የሚጨናነቀው ሁሉም ሰው ሥራ እንደወጣ በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚነሳ ነው። ፈቃድ ማግኘት የሚችል ሰው ግማሽ ቀን ቀድሞ ቢወጣ፣ የማይችልም ያን ማታ ቤቱ አድሮ በማግስቱ ማለዳ ቢነሳ፣ ሁለቱም ከመሐሉ ተጓዥ ያነሰ ድካም ይገጥማቸዋል። በየሁለት ሰዓቱ ለ15 ደቂቃ ያህል ቆሞ ማረፍ በብዙ አገሮች ለአሽከርካሪዎች የሚሰጥ ምክር ነው። እንቅልፍ የተጫጫነው አሽከርካሪ መስኮት በመክፈትና ሙዚቃ ከፍ በማድረግ አይነቃም፤ የሚረዳው ቆሞ ጥቂት ማሸለብ ወይም መሪውን ለሌላ ሰው መስጠት ነው።

ከሁሉም በላይ ጀምበር ሳትጠልቅ ለመድረስ ያቅዱ። የገጠር መንገድ የመንገድ መብራት የለውም፣ ከብትና የዱር እንስሳ ያቋርጠዋል፣ መታጠፊያዎቹም ምልክት አይኖራቸውም። የስልክዎ ጂፒኤስ አቅጣጫውን የሚያገኘው ከሳተላይት ስለሆነ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ ካርታውን ግን ከቤት ሳይወጡ ማውረድ ይኖርብዎታል። ይህም ሆኖ ካርታው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሊስት ስለሚችል ባለቤቶቹን «ከዋናው መንገድ ከወጣን በኋላ ምን እናያለን?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መተግበሪያ ይሻላል። ነዳጅም የመጨረሻው ከተማ ላይ ይሞላ እንጂ «እዚያው አይጠፋም» ተብሎ አይታለፍ፤ በበዓል ቀን ማደያ ሊዘጋ ይችላል።

ለራሴ ምን ይዤ ልሂድ?

ሲቆሽሽ የማይቆጩበት ጫማ፣ ተደራርቦ የሚለበስና የሚወልቅ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የራስዎ ፎጣና ሳሙና፣ እንዲሁም በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ለተጨማሪ ሁለት ቀን የሚበቃ። መድኃኒቱ ላይ አጥብቄ የምናገረው መንገድ ሲበላሽ ወይም ዝናብ ሲያግት መመለሻው በአንድ ቀን ሊገፋ ስለሚችልና ፋርማሲ ቅርብ ስለማይሆን ነው። የተቀረው ቢረሳም የሚዋስ ነገር አይጠፋም።

ለባለቤቶቹስ?

ከመነሳትዎ በፊት ደውለው «ከከተማ ምን ላምጣላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ «ምንም አያስፈልግም» ቢሉዎትም አንድ ጊዜ ይድገሙት። ገጠር ለሚኖር ሰው ከሚያምር ስጦታ ይልቅ ለሳምንታት ያጣው ዕቃ ሊበልጥበት ይችላል፦ የአንድ ማሽን መለዋወጫ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የልጅ መማሪያ መጽሐፍ፣ በአቅራቢያው የማይገኝ መድኃኒት። የሚበላ ነገር ካመጡ የመጀመሪያው ማታ ምግብ ቢሆን ይመረጣል፤ ያን ማታ ባለቤቶቹ ከምድጃ ነጻ ሆነው ከእርስዎ ጋር እንዲቀመጡ ያደርጋቸዋል። ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለበት አይዘንጉ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ያጥራል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው በረዶ የያዘ ሣጥን ከሌለው ደረቅ ነገር ይምረጥ።

አንድ ነገር ግን አያምጡ፦ ከነአፈሩ የተነቀለ ተክል። የሰብል በሽታና ተባይ በአፈርና በሥር ተሸሽጎ ይጓዛል፤ ከቤትዎ ደጃፍ ላይ ምንም የማያደርግ ነገር በወዳጅዎ ማሳ ላይ ኪሳራ ሊያደርስ ይችላል።

ፀጥ ባለ ቦታ የመጀመሪያውን ሌሊት መተኛት ለምን ያቅተኛል?

ይህ የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በብራውን ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ሰው በአዲስ ቦታ የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያድር አንደኛው የአንጎሉ ክፍል ከሌላው ቀለል ያለ እንቅልፍ ይተኛል፤ ለማያውቀው ድምፅም ቶሎ ይነቃል። አንጎል ዘብ የቆመ ያህል ነው። በሁለተኛው ሌሊት ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ቢያስቸግርዎ ቤቱንም ሆነ ፍራሹን አይውቀሱ፤ ጠዋት «እንዴት አደራችሁ?» ሲባሉም ለዝርዝር ዘገባ አይቸኩሉ። የራስዎን የትራስ ልብስ ይዞ መሄድና ከሰዓት በኋላ ቡና አለመጠጣት በመጠኑ ይረዳል፤ ካፌይን በሰውነት ውስጥ ወደ ግማሹ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

ስለ አውራ ዶሮው ለሚጠይቁ፦ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን ስላየ ብቻ አይደለም። የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳረጋገጡት ጩኸቱን የሚቆጣጠረው የራሱ የሰውነት ሰዓት ስለሆነ ገና ሳይነጋ ይጀምራል። መስኮቱን በመጋረጃ መሸፈን አያስቆመውም፤ የጆሮ መድፈኛ ይያዙ።

ሌሊቱ ብርድ ከሆነ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የከሰል ምድጃ በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ በፍጹም አይታደርበትም። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ የተኛ ሰውም ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ፍሙ ነበልባል የሌለውና ጭስ የማይታይበት መሆኑ አያታልልዎ። ተጨማሪ ብርድ ልብስ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ውሃና መጸዳጃ ቤት አጠቃቀም ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ውሃው ከጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቆማል፤ ከዝናብ የተጠራቀመ ከሆነ ደግሞ በታንከሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የገላ መታጠቢያ በደቂቃ 8 ሊትር ገደማ ስለሚያፈስ አንድ ሰው ለ15 ደቂቃ ሲታጠብ 120 ሊትር ይሄዳል፤ አራት እንግዳ እንዲህ ቢያደርግ ባለቤቶቹ የሳምንት ውሃቸውን በአንድ ጠዋት ያጣሉ። ለመጠጥ ይሆን እንደሆነ ሳያፍሩ ይጠይቁ። የቤቱ ሰው ለዓመታት ጠጥቶት የለመደው ውሃ ለአዲስ ሆድ ላይስማማ ይችላል፤ የሚያጠራጥር ከሆነ ፈልቶ እስኪንተከተክ ከጠበቁት በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ 3 ደቂቃ ማፍላት ይበቃል።

መጸዳጃ ቤቱ ሴፕቲክ ታንክ ካለው ከወረቀት በቀር ምንም አይጣልበት። በታንኩ ውስጥ ጠጣሩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ያፈርሱታል፣ ፈሳሹም ወደ አፈር ይሰርጋል። እርጥብ መጥረጊያ፣ የሕፃን ዳይፐርና የንጽሕና መጠበቂያ አይፈርሱም፤ በረኪና በብዛት ሲፈስበት ደግሞ ሥራውን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። በበዓል መካከል የተደፈነ መጸዳጃ ቤት ደርሶ የሚከፍት ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው።

ኔትወርክ ከሌለ ምን አደርጋለሁ?

ከመሄድዎ በፊት ለሚፈልጉዎት ሰዎች እንደማይገኙ ይንገሩ። ደካማ ኔትወርክ ባለበት ጥሪ ባይገባም አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል፤ የሚፈልገው ሲግናል ትንሽ ነው፣ ካልተሳካም በድጋሚ ይሞከራል። ስልክ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ቶሎ ስለሚጨርስ ቀኑን ሙሉ በአውሮፕላን ሁነታ ማቆየት ያዋጣል። ቤቱ መብራት የሚያገኘው ከሶላር ከሆነ ስልክዎን በቀን እንጂ በሌሊት ቻርጅ አያድርጉ፤ የፀጉር ማድረቂያና ካውያም አይሰኩ። ሙቀት የሚያመነጩ ዕቃዎች ለሌሊቱ መብራት የተጠራቀመውን ኃይል በደቂቃዎች ይጨርሱታል።

ባለቤቶቹ ሲሠሩ ተቀምጬ ማየት ያሳፍረኛል፤ ላግዝ ወይስ ልተው?

ከተሜ እንግዳ አብዝቶ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለእርስዎ መናፈሻ የሆነው ግቢ ለወዳጅዎ የሥራ ቦታ ነው፤ የሥራ ቦታውም በዓል አያውቅም። የምትታለብ ላም በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ትታለባለች፤ አንድ ጊዜ ቢታለፍ ጡቷ ተወጥሮ ያማታል፣ ሲደጋገምም ለጡት በሽታ ያጋልጣታል። ዶሮዎቹ በሰዓታቸው ይበላሉ፣ በጎቹ ወደ በረታቸው ይገባሉ። ስለዚህ ወዳጅዎ በጨዋታ መካከል ተነስቶ ሲወጣ ጨዋታው ሰልችቶት አይደለም።

ለማገዝ መፈለግ መልካም ነው፤ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንዳይሆን ግን መለየት ያስፈልጋል። እንስሳት ለማያውቁት ሰው ይደነግጣሉ፤ የደነገጠ ከብት ደግሞ ይራገጣል። አረም ነው ብለው የነቀሉት ገና የበቀለ ሰብል ሊሆን ይችላል። ከእንስሳቱ፣ ከማሽኑና ከማሳው አካባቢ ያለውን ሥራ ካላዘዙዎት አይንኩ። በቤት ውስጥ ያለውን ግን ሳይጠይቁ መሥራት ይቻላል፦ ዕቃ ማጠብ፣ መጥረግ፣ የራስዎን አልጋ ማንጠፍ፣ ልጆቹን ማጫወት። «ምን ላግዝ?» ከሚለው ይልቅ «እኔ ዕቃውን ላጥባለሁ፤ አንቺ ተቀመጪ» ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ የደከመን ሰው ሥራ እንዲያከፋፍል ሌላ ሥራ ይጨምርበታል፣ መልሱም ሁልጊዜ «ምንም» ነው።

አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። በር ሲያልፉ እንዳገኙት ይተዉት፦ ተዘግቶ ካገኙት ይዝጉት፣ ተከፍቶ ካገኙት ክፍት ይተዉት። ክፍት የሆነው ተረስቶ ሳይሆን ከብቶቹ ወደ ውሃ እንዲሄዱበት ሊሆን ይችላል።

ከሕፃናት ጋር እሄዳለሁ፤ ምን ያስፈራል?

በቅድሚያ ውሃ። ኩሬ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ የከብት ማጠጫ ገንዳ፣ ባልዲም ጭምር። ሕፃን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ሊሰጥም ይችላል፤ የሚሰጥም ሰው በአብዛኛው አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ ስለዚህ «ድምፃቸው ከጠፋ አያለሁ» የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው። አዋቂዎች በተሰበሰቡበት ግቢ ሁሉም ሌላው እያየ ነው ብሎ ያስባልና፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተራ ገብቶ የሚጠብቅ አንድ ሰው በስም መመደብ ከአጥር ቀጥሎ ያለው ጥሩ መከላከያ ነው። እንደደረሱ ገና ሻንጣ ሳይፈቱ ከባለቤቶቹ ጋር ግቢውን ዞረው ልጆቹ የማይሄዱባቸውን ቦታዎች ያሳዩአቸው። ትራክተር ላይ ለማዞር የሚቀርብ ግብዣንም በትሕትና ይመልሱ፤ ለአንድ ሰው በተሠራ ትራክተር ላይ ለተሳፋሪ የሚሆን ቦታ የለም።

ሁለተኛው ንጽሕና ነው። እንስሳ የነካ ልጅ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙናና በውሃ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ፤ የእጅ ማጽጃ ጄል ጭቃና እበት በነካ እጅ ላይ በደንብ አይሠራም። ያልፈላ ወተት የገጠር ጣዕም ነው ተብሎ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ አይሰጥ። ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በዚያ መንገድ ይተላለፋሉ፤ ወተትን በ72 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ሰከንድ ማሞቅ ግን ተሐዋስያኑን ለመግደል ይበቃል፤ ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት አንድ ጊዜ ማፍላት ማለት ነው።

ውሻዬን ይዤ ብሄድስ?

ባለቤቶቹ በስም ጠቅሰው ካልጋበዙት አይውሰዱት። የከተማ ውሻ በግ ሲያይ ሊያሳድድ ይችላል፤ የተባረረች ነፍሰ ጡር በግም ልትጨነግፍ ትችላለች። የቤቱ ውሻ ደግሞ ግቢው የራሱ ነው ብሎ ያምናል።

እንስሳ ነክሶኝ ወይም ነድፎኝ ቢሆንስ?

መዥገር ከቆዳዎ ላይ ካገኙ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ በተቻለ መጠን ቆዳው ጋ አስጠግተው ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ዘይት መቀባት ወይም በክብሪት ማቃጠል አይጠቅምም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከታየብዎ ሐኪም ዘንድ ሄደው መዥገር ነክሶኝ ነበር ብለው ይናገሩ።

እባብ የነደፈው ሰው ይረጋጋ፤ የተነደፈው እጅ ወይም እግር አይንቀሳቀስ፤ ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ ይውለቅ፤ ወዲያውም ወደ ሕክምና ይወሰድ። መብጣት፣ መምጠጥና በገመድ ጠፍሮ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል። እባቡን ለመያዝ የሚሮጥ ሰውም ሁለተኛ ታካሚ ሊሆን ይችላል።

ውሻ ወይም ሌላ አጥቢ እንስሳ ቢነክስዎ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ከዚያም በዓል ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሰዎቹ ይከፋቸዋል ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላል፤ ከምልክቱ በፊት በጊዜው የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። በወዳጅ ቤት ውሻ የተነከሱ ሰዎች ባለቤቱን ላለማሳፈር ሲሉ ዝም የማለታቸው ነገር ያሳስበኛል፤ ይሉኝታ ቦታ ከሌለው አንዱ ስፍራ ይህ ነው።

ወጪውን መጋራት አለብኝ? ገንዘብ ብሰጥስ ይቀየማሉ?

ለመኝታና ለማዕድ ገንዘብ መስጠት ወዳጅነትን ወደ ኪራይ ስለሚለውጠው ብዙ ሰው ይከፋበታል። ወጪ ግን አለ፤ በተለይ እንግዳው ከሁለት ሰው በላይ ሲሆን። ከመሄድ በፊት «የአንዱን ቀን ምግብ ከእነማሰናጃው እኛ ይዘን እንመጣለን» ማለት፣ አብረው ወደ ገበያ ሲወጡ መክፈል፣ ወይም በአንድ መኪና ለሽርሽር ሲሄዱ ነዳጅ መሙላት ወጪውን ሳያሳፍር ይጋራል። ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ቤት ሲሰባሰቡ ግን ሒሳቡ በግልጽ ቢከፈል ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያጉረመርም አይኖርም።

የማልበላው ነገር ካለ ወይም ሃይማኖታችን የተለያየ ከሆነ እንዴት ልናገር?

ከመሄድዎ ከሳምንት በፊት፣ አጭር አድርገው፣ መፍትሔውን ጨምረው። «ወተት አይስማማኝም፤ የራሴን ይዤ እመጣለሁ፤ በእኔ ምክንያት ምንም አትቀይሩ» ይበሉ። ማዕድ ላይ ከተቀመጡ በኋላ የሚነገር ነገር ያበሰለችውን ሰው ያሳዝናል። ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ከሆነ ግን ጨዋነቱን ትተው በማያሻማ ቃል ይንገሩ፤ መድኃኒቱ የት እንዳለም ለአንድ ሰው ያሳዩ። ጸሎትን፣ ጾምንና መጠጥን በሚመለከት ደግሞ የቤቱን ሥርዓት ማክበር ማለት መካፈል ማለት አይደለም፤ በዝምታ መቀመጥ ይበቃል።

ባልና ሚስቱ ፊቴ ቢጣሉ ወይም ከሌላው እንግዳ ጋር ባልግባባ ምን ላድርግ?

በባለቤቶቹ ጠብ ውስጥ ዳኛ አይሁኑ። ውሃ ለመቅዳት ወይም ልጆቹን ይዞ ለመናፈስ ወጣ ማለት ለሁለቱም ይጠቅማቸዋል። ሲመለሱ ምንም እንዳልሰሙ ይሁኑ፤ ከሁለት አንዳቸው ብቻቸውን አግኝተው ቢያጫውቱዎት ያዳምጡ እንጂ አይፍረዱ፤ እነርሱ ነገ ይታረቃሉ፣ የእርስዎ ፍርድ ግን ይቀራል።

ከሌላው እንግዳ ጋር ያለው ጉዳይ የበለጠ አድካሚ ነው፤ በከተማ ቢሆን ተሰናብተው የሚሄዱበት ሰው እዚህ ሦስት ቀን ከአንድ ማዕድ ይቀመጣል። ፖለቲካ ሲነሳ «በዚህ እንኳ አንስማማም፤ ይልቅ ስለ መንገዱ ንገረኝ» ብሎ ርዕስ መቀየር አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን አይሠራም። ያን ጊዜ ብቻዎን በእግር ይውጡ። በቀን አንድ ሰዓት ብቻን መሆን ለእንግዳውም ለባለቤቶቹም እፎይታ ስለሆነ ጠብ ባይኖርም የማስቀረው ነገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ከጣለ እንኳ መጽሐፍ ይዞ አንድ ጥግ መያዝ እንደ ኩርፊያ አይቆጠርም።

ፎቶግራፎቹን ማጋራት እችላለሁ?

ልጆቻቸው ያሉበትንና ቤቱን የሚያሳየውን ሳይጠይቁ አያጋሩ። ብዙ ስልኮች ፎቶ ሲያነሱ የቦታውን መገኛ አብረው ይመዘግባሉ፤ ፎቶውን በቀጥታ የላኩለት ሰው ሊያነበው ይችላል። ለብቻው ቆሞ ለሚገኝ ቤት ደግሞ ቤተሰቡ መቼ ወጥቶ መቼ እንደሚመለስ መታወቁ ለሌባ መንገር ሊሆን ይችላል። ከተመለሱ በኋላ ማጋራት ቢያንስ የራስዎን ቤት ባዶነት ከማወጅ ያድንዎታል።

ቶሎ መመለስ ብፈልግ ሳላስቀይም እንዴት እወጣለሁ?

ሰበብ አይፍጠሩ። የታመመ ዘመድ ከፈጠሩ በሳምንቱ «እንዴት ሆኑ?» ይባላሉ። «ደስ ብሎን ሰነበትን፤ ከሥራ በፊት አንድ ቀን ቤቴ ማረፍ ስለፈለግኩ ነገ ጠዋት እንሄዳለን» የሚል እውነት ይበቃል፤ ይህንንም በመሄጃው ቀን ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው ማታ፣ የነገው ምሳ ሳይታሰብ ይናገሩ። ባለቤቶቹ ሲያስቀሩ ሁለት ጊዜ ማመስገን፣ ሦስተኛ ጊዜ መነሳት ነው።

ከመውጣትዎ በፊት አንሶላውን ገፈው፣ አጥፈው አልጋው ላይ ያኑሩ፤ መልሰው አያንጥፉት፤ የታጠበና ያልታጠበ አንሶላ ተመሳስሎ ባለቤቷን ያሳስታታልና። ያመጡትን ቆሻሻ በተለይም ፕላስቲኩንና የተጠቀሙበትን የባትሪ ድንጋይ ይዘው ይመለሱ፤ በገጠር የቆሻሻ መኪና በየቤቱ ላይመጣ ይችላል። ቤትዎ ሲደርሱ በሰላም መግባትዎን ይንገሩ፤ መንገዱን ስለሚያውቁት እስኪሰሙ ድረስ ሐሳብ አይለቃቸውም።

እነርሱንስ መልሼ መጋበዝ አለብኝ? ቤቴ ጠባብ ነው።

መጋበዝ አለብዎት፤ ቤትዎ ግን የእነርሱን ቤት መምሰል የለበትም። ገጠር የሚኖር ሰው ወደ ከተማ የሚመጣው በአብዛኛው ለጉዳይ ነው፦ ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለመሥሪያ ቤት ቀጠሮ። በዚያ ቀን የሚያርፍበት ፍራሽ፣ ሻንጣውን የሚያስቀምጥበት ቦታና ጉዳዩ ወዳለበት ስፍራ የሚያደርሰው ሰው ማግኘቱ ከበዓል ግብዣ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ በሆነበት ከተማ የሚያውቀው በር አንድ የእርስዎ በር ነው። ስለዚህ ግብዣውን በዚያው ልክ፣ ተለይቶ እንዲታወቅ አድርገው ያቅርቡ፦ «የሆስፒታል ቀጠሯችሁ ሲደርስ ማደሪያችሁ እኛ ቤት ነው፤ ቀኑን ብቻ ንገሩን።» ከብት ያለው ሰው ከቤቱ ለመውጣት በምትኩ የሚያልብና የሚያበላ ሰው መፈለግ ስላለበት፣ ቀኑን እንዲመርጥ ለእርሱ ይተዉለት።